ማጣበቂያው እስኪደርቅ

ባሌ ታክሲ ሲነዳ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ «ደቂቃ» ይሉታል፤ አርፍዶ አያውቅማ። የስድስት ዓመት ልጃችን ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል። እሑድ የለ፣ በዓል የለ። ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ እኔ ግን እሱን ሳየው ይደክመኛል።

ሰሞኑን የኋላው በር የመስኮት ጎማ ለቀቀበት። በዘነበ ቁጥር ውሃው በዚያ በኩል ይገባል። እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚያደርሳቸው ደንበኛው፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ነርስ ናቸው። ቤታችን የቆመው በሳቸው ነው። አንድ ቀን ትከሻቸው ርሶ ወረዱና፣ «ልጄ፣ አሁንስ አንድ ጊዜ ከደገመኝ ሌላ ሹፌር መፈለጌ ነው፤ እንዳትቀየመኝ» አሉት።

እሱ ሆዬ ሱፐር ግሉ ለጠፈበት። ሙጫውም ደርቆ እንደ ብስኩት ተሰነጠቀ። ቀጥሎ የጫማ ማስቲሽ አመጣ፤ ፀሐይ ሲመታው ለቀቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ጫማ ነው እንዴ የምትጠግነው?» ብዬ ጮህኩበትና እየጎተትኩ መለዋወጫ ሱቅ ወሰድኩት።

ሻጩ ጥቁር ማጣበቂያ አወጣ። «ይሄ ከደረቀም በኋላ ከጎማው ጋር ይለጠጣል፣ ውሃም አይበግረው። ግን የድሮውን ማስቲሽ ጥርግ አድርገህ ታነሳለህ፣ ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ በሩን ግጥም አድርገህ ትዘጋና ሃያ አራት ሰዓት አትነካውም።»

«ሃያ አራት ሰዓት!» አለ ባሌ። «እኔ ራሴ ሃያ አራት ሰዓት ቆሜ አላውቅም! ቶሎ የሚደርቅ የለህም?»

«ሞልቷል። በሳምንቱ ተመልሰህ ትመጣለህ እንጂ።»

ባሌ ከመደርደሪያው ላይ ሱፐር ግሉ አነሳ። ቀማሁት። ሻጩ ሳቁን ዋጠ፤ ጥቁሩን ይዘን ወጣን።

እሑድ ነርሷ ሥራ አይገቡም። ባሌ በማለዳ ተነስቶ የድሮውን ማስቲሽ በቢላ ፋቀ፣ ቀባ፣ ዘጋ። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። ልጄ ስታየው ደነገጠች።

«እማዬ፣ አባዬ ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ነው።»

ከሰዓት ሲነሳ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ በላ። ልጄን «ጸጉርሽን ልሥራልሽ» ብሎ እንደ ጉድ አንጨባረረው፤ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ!

ሰኞ ማለዳ፣ ሃያ አራት ሰዓቱ እንደሞላ፣ አንድ ባልዲ ውሃ መስኮቱ ላይ ደፋበት። ጠብታ አልገባም። እፎይ አልን። እሱ ቁልፉን ሊያመጣ ሲገባ እኔ ባልዲውን ላነሳ ዞር አልኩ። ልጄ በሌሊት ልብሷ፣ ባዶ እግሯን፣ ከመኪናው ወዲያ በኩል ቆማለች። የደህናውን በር ጎማ በሁለት እጇ ይዛ ትጎትታለች።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ልመታት እጄን አነሳሁ።

«ይሄኛውም ይድረቅ» አለች፣ መጎተቱን ሳትተው።

እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። አባቷ ቁልፉን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል፤ ሰምቷታል። ጎማውን በአውራ ጣቱ ወደ ቦታው መለሰ፣ ግንባሯን ሳማትና ሄደ፤ ነርሷ እየጠበቁት ነበር።