የሾዴ አውቶቡስ

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ሾዴን ብትጠይቁ «የትኛው ሾዴ?» የሚላችሁ የለም። ሸማ ሠሪው ሾዴ ነዋ! የሱን ጥለት ፈልገው ሙሽሮች ከከተማው ወዲያ ጫፍ ሚስቱ ሱቅ ድረስ ይመጣሉ። አጭር ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ቀኝ ዳር ይቀመጣል፣ በሃምሳ አራት ዓመቱ ሰው አስቀይሞ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጉድ ያፈላው!

ነገሩ የጀመረው አዲሱ ገበያ ነው። የታዘዘ ጋቢ አድርሶ ሲመለስ ዝናቡ ድንገት ወረደበትና ያገኘው በር ውስጥ ዘው አለ። ጌም ቤት ነበር። አንድ ጺማም ሰውዬ መሪ ጨብጦ፣ ፔዳል እየረገጠ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አውቶቡስ ይነዳል። ያውም የዋዛ አውቶቡስ አይደለም። ተሳፋሪ ይጭናል፣ ተሳፋሪ ያወርዳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ገደል አፋፍ ላይ ይጠማዘዛል። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ዝናቡ አባራ። ሾዴ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ቀረ።

ይኼ ዝም ብሎ የመጣ አምሮት እንዳይመስላችሁ። ሾዴ ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ነበር የተቀመጠው። ሌላው በመስኮት አገር ሲያይ እሱ ቀኑን ሙሉ የሹፌሩን እግር ሲያይ ዋለ። የሸማ ሠሪ ልጅ አይደል? አንዱን ለቀቅ፣ ሌላውን ረገጥ፣ ያ ሁሉ ብረት ለሁለት እግር ሲታዘዝ! «ሹፌር ነው የምሆነው» አለ በልቡ። ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግን አጎቱ የሽመናውን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ድሩን ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። ይኸው አርባ ዓመት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ይኖራል። አላማረረም፣ ሙያውን ይወዳል። አውቶቡስ ባየ ቁጥር ግን ዓይኑ የሹፌሩን እግር ይፈልጋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲሱ ገበያ የሚያስኬደው ጉዳይ በዛ። የጌም ቤቱ ባለቤት ሱራፌል ቤቱን ሊለቅ ዕቃውን መሸጥ ሲጀምርማ፣ ሾዴ ጠዋት በሩ ላይ ተገኘ።

«ፋዘር፣ ይቺ ፕሌይስቴሽን ከነመሪዋ ከነፔዳሏ ምርጥ ናት። ሠላሳ አንድ ጌም አላት» አለው ሱራፌል። «ኳስ አለ፣ ቦክስ አለ፣ ጦርነት አለ...»

«አውቶቡሷ አለች?»

«አለች።»

«በል ሠላሳውን አውጣልኝ።»

«እንዴ! ጌሞቹን እኮ በነጻ ነው የምሰጥህ!»

«ጦርነት ቤቴ አላስገባም። ኳስም አልወድም። አውቶቡሷን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሱራፌል ሳቁን አፍኖ ሠላሳውንም አጠፋለት። ሰው በገዛ ገንዘቡ ዕቃ አጉድሉልኝ ሲል ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነው ቤት ያስገባው። መሪውን ከሳንቃ ጋር አሰረው። ፔዳሉ ግን የሲሚንቶው ወለል ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ደግሞስ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጫማ አድርጎ መርገጥ የሸማ ሠሪ ወግ ነው? ሾዴ ጫማውን አወለቀ። የሽመናውን መርገጫ ፈታ፣ ድሩን ጠቅልሎ አነሣ፣ ፔዳሉን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባና በአውራ ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘው። ሄደለት! የሱ እግር ያን ቀን የሆነውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ሰውዬው ብቻውን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ታዲያ አንድ ነገር ዘነጋ። ሽመና ድምፅ አለው። የሾዴ ሽመና አርባ ዓመት ሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል ግቢው ሰዓት አያስፈልገውም ነበር። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ጸጥ አለ። በዚያ ሰፈር ደግሞ የሸማ ሠሪ ቤት በሥራ ቀን ዝም ካለ፣ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሰው ሊሞት ነው።

ደሳለች ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ባሏ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። በመወርወሪያው ፋንታ መሪ ጨብጧል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ቆይ፣ ኩርባ ላይ ነኝ።»

ኩርባውን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ «አንተ ሰው፣ ዕድሜህ ሃምሳ አራት ነው ወይስ አራት?» አለችው።

«ለማንም እንዳትነግሪብኝ፣ በሞቴ!»

«እኔ ምን በወጣኝ እናገራለሁ? ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። እወቀው!»

ማክሰኞም ነዳ፣ ረቡዕም ነዳ። ተሳፋሪዎቹ ክፉኛ አስቸገሩት። አንዲት ሴትዮ በማያውቀው ቋንቋ ስትጮህበት «ይቅርታ እህቴ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላታል። ምሳ ረሳ። የታዘዘ ነጠላ ረሳ። ከግድግዳው ማዶ ያሉትን እማማ ሰርኬንም ረሳ።

እማማ ሰርኬ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ለሾዴ ሽመና ማግ የሚሆነውን ክር የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ጠዋት እንዝርታቸውን የሚያነሡት የሾዴ ሽመና ኳ ሲል ነው፣ የሚያስቀምጡትም እሱ ዝም ሲል። ሰኞ ዝም ሲል «ገበያ ሄዶ ይሆናል» አሉ። ማክሰኞም ዝም ሲል ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። የሰሙት ማቃሰት ነው። የሞተር ድምፅ በጭቃ ግድግዳ ሲያልፍ ያቃሰተ ይመስላል። ወዲያው ለጸሎት ኅብረቱ ደወሉ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስድስት ሰዎች እየዘመሩ ግቢው ገቡ። ከፊት ወንጌላዊ አክሊል አለ፣ ድምፁ ያለ ማይክ ሦስት ቤት የሚሰማ። «ወንድም ሾዴ፣ ሕመምህን ሰምተን መጣን!» ሲል ሾዴ ከጉድጓዱ ዘሎ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ሊዋሽ አላሰበም፣ መሪውን ሊደብቅ ነው ያሰበው። ሸማ ጣል አደረገበት። ቴሌቪዥኑን የት ነበር የሚያጠፉት? ጠፋበት። ጋቢውን አለበሰውና አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ለምሳ መጥታ የነበረችው ደሳለች እጇን አጣጥፋ ታየዋለች።

ገብተው አልጋውን ከበቡት።

«እህት ደሳለች፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ወንጌላዊ አክሊል።

«ከሰኞ ጀምሮ ነው።»

«እህል ይቀምሳል?»

«ካልጮኹበት አይበላም።»

«እንቅልፍስ?»

«ተኝቶም እግሩ አያርፍም።»

«ወይኔ ልጄን! እየቃዠ ነው!» አሉ እማማ ሰርኬ።

ደሳለች አንዲት ቃል አልዋሸችም። ሾዴ ዓይኑን ጨፈነ።

ጸጥ ሲሉ ታዲያ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ግር... ግር... ግር... ቴሌቪዥኑ ከአልጋው ራስጌ ነው፣ አውቶቡሱም ጋቢ ለብሶ ሞተሩ እንደተነሣ ቆሟል። እማማ ሰርኬ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሾዴ ደረት ላይ አሳረፉ።

«ኧረ ስሙት! ውስጡ ያጉረመርማል! ስሙት እንጂ ሰዎች!»

ሁሉም ሰማ። ወንጌላዊ አክሊል እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ደረቱ ላይ ጫነ። ሌሎቹ ጸሎቱን አቀለጡት። ሾዴ ያልበዋል፣ ላቡን ባዩ ቁጥር እነሱም ይብሳሉ።

«አንተ የምታጉረመርም መንፈስ!» አለ ወንጌላዊው ግድግዳው እስኪነቃነቅ። «በኢየሱስ ስም ዝም በል!»

መብራት ጠፋ።

መብራት መቼም ሰው አማክሮ አይጠፋም። ቀን ስለሆነ አምፖል የበራ የለም፣ መጥፋቱን ያወቁት ሾዴና ደሳለች ብቻ ናቸው። ግር... ግር... የሚለው ድምፅ ግን ቀጥ አለ። እማማ ሰርኬ እንደገና ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ።

«ቆመ!» ብለው ጮኹ። «ሃሌሉያ! ቆመ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሾዴን ከአልጋ አንሥተው አቆሙት፣ አራመዱት። ወንጌላዊ አክሊል አቅፎት «እሑድ ወጥተህ ትመሰክራለህ!» አለው።

በዚህ መሃል እማማ ሰርኬ ዱካ ላይ ተቀምጠው እንባቸውን ጠረጉ። «በይ ደሳለች ልጄ፣ አጥሚት ቢጤ ካለሽ ስጪኝ፣ ጾሜን ልፍታ። ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አሉ። ደሳለች ሮጣ አመጣችላቸው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንኳ ተንቀጠቀጠባቸው፣ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ሾዴ ያንን አየ። ከዚያ በፊት ፈርቶ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሁሉም ሲወጡ ደሳለች «እሑድ ምን ልትል ነው?» አለችው። እሱን የያዘው የሕዝቡ ነገር አልነበረም። ሕዝብ ስቆ ይረሳል። እማማ ሰርኬ ምን ይሉኛል ነው የያዘው። ጨንቻ ከተቀበሩት እናቱ ሌላ ስለሱ ብለው የተራቡ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እሑድ ማይኩን ሲሰጡት በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። «አልታመምኩም ነበር» አለ።

ከኋላ አንዱ ከልማዱ «አሜን!» አለ።

«አውቶቡስ ስነዳ ነበር። የጌም አውቶቡስ ነው። ያጉረመረመው ደረቴ አይደለም፣ ሞተር ነው። ዝም ያለውም መብራት ጠፍቶ ነው። ዋሽቻለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ወንጌላዊ አክሊል ማይኩን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ከመዘምራኑ አንዷ አፏን ያዘች፣ አልቻለችም፣ ፈነዳች። ከዚያማ ማን ይቻለው! ወንጌላዊው ራሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል። ቤቱ ሙሉ ሲስቅ እማማ ሰርኬ ብቻ አልሳቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ሰኞ ሾዴ ሽመናውን መልሶ ተከለ። እንዲሰሙት ብሎ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ከወትሮው ይልቅ አጠንክሮ መታ። ከግድግዳው ማዶ ኮሽታ የለም። ማክሰኞ በራቸውን አንኳኳ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር የሚባለው ለበሽተኛ ነው። አንተ ጤነኛ ነህ፣ ሂድና ንዳ!» አሉት በበሩ ስንጥቅ። «ሦስት ቀን ለሞተር! ሰባ ስድስት ዓመት ኖሬ ለሞተር ጾምኩ!»

ማጉ አለቀ። ሽሮ ሜዳ ላይ ፈታይ ሞልቷል፣ ደሳለችም «ከሌላ ልግዛልህ?» ብላዋለች። «አይሆንም» አላት። ባዶ ድር ፊት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ፕሌይስቴሽኑን ዞር ብሎም አላየው።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተገፋ። እማማ ሰርኬ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ዱካውን ከጉድጓዱ ኋላ ጎትተው ተቀመጡ።

«በል አሳየኝ። ምን እንደጾምኩለት ልወቅ።»

ሾዴ እየተርበተበተ ድሩን አነሣ፣ ፔዳሉን አስገባ፣ ሞተሩን አስነሣ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ ነድቶ አያውቅም።

«ቀስ!» ይሉታል ከኋላው። «ሰው ጭነሃል እኮ! ድንች መሰለህ?»

«እሺ እማማ።»

«ያቺን ሴትዮ ለምን ጥለሃት አለፍክ? ቆማ እጇን ስትሰጥህ!»

«ጣቢያ አይደለም እኮ እማማ...»

«ነፍሰ ጡር ናት! ተመለስ!»

ወደ ኋላ ተመለሰ። ሴትየዋን ጫናት። ዳገቱን ወጡ፣ ኩርባውን ዞሩ፣ የመጀመሪያውን ከተማ አለፉ። እስከዚያ ድረስ አንድም ተሳፋሪ አላጉረመረመም። ሾዴ ዞር ብሎ የእማማ ሰርኬን ፊት ለማየት ፈራ። መንገዱ ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ የመሰለ ረጅም ዛፍ ሲሆን፣ ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ወራጅ አለ!»

ሾዴ ዳር ያዘና ቀስ ብሎ ፍሬን ረገጠ። በሩን ከፈተ። እማማ ሰርኬ ከዱካው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን አነሡ።

«ማጉን ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ» አሉ ዘወር ሳይሉ። «አቅጥኜ ነው የፈተልኩት፣ እንዳትበጥሰው።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ተሳፋሪዎች መቆሙ ረዝሞባቸው ማጉረምረም ጀመሩ።

«አንዴ ታገሡ፣ እናት እየወረዱ ነው» አላቸው ሾዴ። እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ፣ እማማ ሰርኬ ግቢውን አቋርጠው የራሳቸውን በር እስኪዘጉ ጠበቃቸው።