ላምባ የጠጣችው ዘንባባ

ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ያሳምራል። እኔ ማሳመሪያ የለኝም፤ የሠራሁትን ልናገርና ይውጣልኝ።

ኢሁአኩ እባላለሁ። ጓሮዬ ከቤቴ ጀርባ ጀምሮ ወዲያው የሚያልቅ ቁራሽ መሬት ነበር። ጎደሬው፣ ሙዙ፣ በርበሬው፣ የዱባ ቅጠሉ እርስ በርሱ ሲጋፋ እያየሁ፣ የጎረቤቴን የአባባ ኦሃቡኬን ማሳ ሃያ ዓመት በዓይኔ ስበላው ኖርኩ። ሚስቱ ሞተች፣ ጉልበቱ ደከመ፤ አንድ ቀን "ልጄ፣ ካንቺ ሌላ ለማን እሸጠዋለሁ?" አለኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

ሽማግሌዎች ቃል የሚታሰርበትን የኮላ ፍሬ ቆረሱ፣ የዘንባባ ጠጅ ተቀዳ፣ ወሰኑን በእግራችን ዞርን። መሃል ላይ ካለችው ዘንባባ ስንደርስ አባባ ቆመ።

"መሬቱ ያንቺ ነው። ይቺ ግን የልጄ የኡሬንዋ ናት። እትብቷ የተቀበረው ከሥሯ ነው።"

"ኧረ አባባ፣ ይሄ ለኔ ይነገራል እንዴ? የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም?" አልኩ። ኮላውን እያኘክሁ ነው እንዲህ ያልኩት።

በእኛ በኢግቦዎች ዘንድ መሬት ይሸጣል፤ የእትብት ዛፍ አይሸጥም። ዛፉና ልጁ አንድ ናቸው፤ ዛፉ ያለ ሰው እጅ ከደረቀ ልጁንም ሞት ጠርቶታል ይባላል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

የኔ ሆድ ግን መች ይጠረቃል! ዘንባባዋ ጥላዋን ዱባዬ ላይ ጣለች፤ ቅጠሉ ነጣ፣ ቀጨጨ። ብቆርጣት መንደሩ ያየኛል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ ጠብቄ ግንዷን በብረት በሳሁና ላምባ አጠጣኋት። ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንኩ። ሦስት ገበያ እንዲህ አደረግኩ። ወይ እኔ!

ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ መንጠልጠል ሲጀምር ኡሬንዋ ነፍሰ ጡር ሆና ከባሏ ቤት ወደ አባቷ መጣች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ነበር። ዛፏን ስታይ አልጋ ያዘች፣ እህል አልቀምስ አለች።

ልጠይቃት ገባሁ። ክንዷ ማማሰያ አክሏል።

"እትዬ፣ ዛፌ እየሄደች ነው አይደል? ይሄንንም ልጅ ልቀብረው ነው?" አለችኝ።

 ይባስ ብሎ አባቷ "ጓሮሽን በደረቅ ዛፍ አበላሸንብሽ፣ ይቅር በይን" አለ። ይቅር በይን! እኔን!

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ተንበረከክሁ።

"አባባ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"እኔ። ለዱባዬ ብዬ። ላምባ አጠጣኋት።"

"በእጅሽ?"

"በእነዚህ እጆቼ።"

አንገቴን ደፍቼ እርግማኑን ጠበቅኩ። ሽማግሌው ግን እንባው እየወረደ መሳቅ ጀመረ።

"ኡሬንዋ! ተነሺ ልጄ! ሰው ነው! ሰው ነው የገደላት፣ ሞት አልጠራሽም!"

ኡሬንዋ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠችና "ራበኝ" አለች።

አባቷ ሁለት እጄን ይዞ ከመሬት አነሳኝ።

"እግዜር ይስጥሽ፤ ልጄን መለስሽልኝ" አለኝ፣ ከልቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።