ዓሣዋን አራስ ቤት ያስገባሁ ዕለት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ልናገር ተነስቼ ነበር፤ ግን እንዴት ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ዓሣ አራስ ቤት አስገብቼ ሰው በደልኩ» ልበል? ቢስቁስ? እሳቸው ከሳቁ ኃጢአቱ ትንሽ ይመስለኛል። ትንሽ አይደለም። ስለዚህ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። መሳቅ ካማራችሁም ሳቃችሁን ጨርሱና ስሙኝ።

ጅጅጋ የመጣሁት ባለቤቴ በውትድርና ተመድቦ ነው። እሱ እዚሁ አረፈ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ፣ የልጄን ልጅ ሰላምንም እዚሁ አሳደግኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን የውሃ ቦቴ ሰፈራችን ሲገባ ሰልፍ የማስይዘው እኔ ነኝ። ጀሪካኑን ከፊት የሚሸጉጥ ካየሁ የኃላፊ ሚስትም ብትሆን አንስቼ ወደ ኋላ እወረውርባታለሁ። ሰው ሲጣላ «አዬዮ ትፍረድ» ይላል። አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ መላው መንደር የሚጠራኝ እንዲያ ነው። እኔም ወደድኩት። ከመጠን በላይ ወደድኩት።

በግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴ ሳህራ ትባላለች። ከተማው በታወከ ጊዜ እኔንና ሰላምን በጓሮ በር ቤቷ አስገብታ፣ ራሷ በፊት ለፊቱ በር ላይ ቁጭ ብላ ክፉውን ቀን ያሳለፈችን ሴት ናት። ልጇ ሆዳን ከሰላም ጋር አብራ ተማረች፣ አብራ ተመረቀች፣ አብራም ሥራ ፈታች።

ያንን ዓሣ ያመጣብኝ ሥራ መፍታታቸው ነው። የሆዳን አጎት በርበራ ወደብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ክላውን ፊሽ የሚሏቸውን፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች በላስቲክ፣ የባሕሩን ውሃ ደግሞ በጀሪካን ይዞላቸው መጣ። ልጆቹ አራብተው ሊሸጡ የመስታወት ሳጥን አሠሩና ቡፌዬን ገፍተው ሳሎኔ ውስጥ ተከሉት። ሰው ለሚጠጣው ውሃ በሚሰለፍበት ከተማ፣ ለዓሣ የጨው ውሃ ከሌላ አገር! ተቆጣሁ። ስምምነታቸው ግን ደስ አለኝ፤ ሥራው እኩል፣ የሚያድገው የዓሣ ጫጩትም እኩል። አጨባብጬ ያስማማኋቸው እኔ ነኝ። እኔው ራሴ።

ጫጩት ማሳደግ ቀላል መስሏቸው ነበር። ዓሦቹ በሸክላ ስባሪ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለው ግን ከፀጉር የቀጠነ፣ ዓይን ብቻ የሆነ ነገር ነው። አፉ ከመጥበቡ የተነሳ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ የምትራባ፣ ለዓይን የማትታይ ነፍስ ያላት ነገር ካላገኘ ይሞታል። የመጀመሪያዎቹ ምግቡ ሳይደርስላቸው አለቁ። የሚቀጥሉት መብራት ጠፍቶ አየር የሚነፋው ሞተር ሲቆም አለቁ። ልጆቹ ተራ በተራ ውሃውን በጭልፋ እያነሱ ሲያፈሱ፣ አየር እንዲያገኝ ሲታገሉ ነበር፤ አልሆነም። እነሱ አለቀሱ፣ እኔ በገንኩ። ለቀጣዩ ግን መስኮቴ በሙሉ አረንጓዴ ውሃ በያዙ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደረደረ። መጋረጃዬን መዝጋት እንኳ ተከለከልኩ። እንቁላሎቹ ውስጥ ብርማ ዓይን ታየ። «እማማ፣ ዛሬ ማታ ይፈለፈላሉ» አለችኝ ሰላም፤ ለሥራ ፈተና ወደ ሐረር ስትወጣ።

እኔ ታዲያ ስንት ቀን ሙሉ የማየው ግፍ ነበር። ትንሿ ዓሣ ከእንቁላሉ አትለይም። በክንፏ ታራግባለች፣ በአፏ ታጸዳለች፣ ሳትበላ ትውላለች። ትልቁ ደግሞ እንደ ዳኛ ይንጎራደዳል፣ ምግቡን ቀድሞ ይውጣል፣ ትንሿ ፈቀቅ ስትል ይነክሳታል። ይህን ዓይነቱን ባል አላውቀውምና ነው? የወለደች ሴት ትተኛለች፣ ትታረሳለች፤ በእኛም በሳህራም ወገን እንዲሁ ነው። ይህችን ግን ማን ያርሳት? ደሜ ፈላ።

አለማወቅ ነው እንዳልል ነግራኛለች። ሰላም ከዚያ በፊት፣ «እማማ፣ ትንሹ እኮ ወንዱ ነው፤ እንቁላል የሚጠብቀው አባትየው ነው» ብላኛለች። እኔ ምን አልኩ? «አባት እንቁላል ሲጠብቅ የት አይተሽ ነው? አያትሽን አታውቂውም?» ብዬ ሳቅሁባት።

በዚያን ቀን ጠዋት ተራው የሆዳን ነበር። መጣች፣ የጎደለውን ውሃ በጆግ ሞላች፣ ሄደች። የእህቷ ሰርግ ስለነበረ እጇ እስከ ክንዷ ሂና ነበር። «አዬዮ፣ አምሮብኛል?» ብላ ዘርግታ አሳየችኝ። አይቻለሁ። ጆጉንም አይቻለሁ። እጇ ውሃውን እንዳልነካ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ።

እሷ እንደወጣች የሻይ ማጥለያዬን ይዤ ትንሿን ዓሣ አወጣኋት። ከሳጥኑ ውሃ ቀድቼ ሳፋ ውስጥ አደረግኳት፤ ብርሃን እንዳይበዛባት በነጠላዬ ሸፈንኳት፤ ምግቧን በተንኩላት። «አንቺ ረፍት አድርጊ» አልኳት። ወደ ትልቁም ዞሬ፣ «አንተ ደግሞ ዛሬ ልጅ ጠብቅ» አልኩት። ፍርድ ሰጥቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ወጤን ልሠራ ማድቤት ገባሁ።

ስመለስ ትልቁ ሸክላው ላይ ተደፍቶ እንቁላሉን እየለቀመ ይበላ ነበር። መስታወቱን በጥፊ መታሁት። ሰደብኩት። ምን ዋጋ አለው? ሸክላው ባዶ ሆኗል። ትንሿን በድንጋጤ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ምን አደረገች መሰላችሁ? ቀጥ ብላ ሸክላው ጋ ሄደችና ባዶውን ማራገብ ጀመረች። እኔ ፊት። ከሰዓት በኋላ ሰላም እስክትመጣ ድረስ ባዶ ሸክላ ታራግብ ነበር።

ሰላም ስታይ ጮኸች። ሆዳን ጩኸቱን ሰምታ ከሰርግ ቤት እየሮጠች መጣች። ሰላም እጇን አየቻት።

«ይህን ሂና ነክረሽበት እንቁላሉ ሲበላሽ ነው የበሉት! ሽቶ እንዳይነካው አላልኩሽም? ሳትፈጂያቸው ማጌጥ አትችይም ነበር?»

«ወላሂ እጄ አልነካም! በጆግ ነው ያፈሰስኩት። አዬዮ ነበረች። አዬዮ ትመስክር!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ በሰልፍ ላይ ለማላውቀው ሰው ጀሪካን የምጮኸው፣ እኔ «አዬዮ ትፍረድ» የምባለው፣ «እኔ ማድቤት ነበርኩ፤ አላየሁም» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። አላየሁም አልኩ።

ሆዳን አልተከራከረችም። ብትሰድበኝ፣ «ትዋሻለሽ» ብትለኝ ምናለ! «እንግዲህ አዬዮ ካላየች አላየች» አለችና ጆጓን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለዓሣ ብላ ደጄን አልረገጠችም።

ለምን ዋሸሁ? ሰላምን ፈርቼ ነው? እሷን እንኳ አልፈራም። ፍርዴ ተሳስቷል ከምል ልጅቷ ትበደል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። በገዛ ሳሎኔ በሁለት ዓሣ መካከል እንዲህ የፈረድኩ ሴት፣ በመንደሩ ስንቱን አጣምሜ ይሆን? ይህን ሳስብ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሳህራ «የልጆች ነገር ነው፣ ይበርዳል» ትለኝ ነበር። አልበረደም። ሰላም ብቻዋን ቀጠለችና በኋላ ጫጩቶቹ ኖሩላት። ነጩ መቀነታቸው መጀመሪያ እንደ ክር ሆኖ ብቅ ሲል ጠርታ አሳየችኝ። እልልታዬን ጠበቀች፤ እኔ ግን ግማሹ የማን እንደሆነ አውቅ ነበርና ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ። «ምነው እማማ፣ ደስ አላለሽም?» አለችኝ። «ሽንኩርት ነው» አልኳት። ያን ቀን በቤታችን ሽንኩርት አልተከተፈም። ይኸው ሌላ ውሸት!

ሆዳን ሽንሌ አስተማሪ ሆና ሄደች፣ አገባች፤ አሁን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ዛሬ ሳህራ በግድግዳው ላይ አንገቷን አሻግራ ጠራችኝ።

«አንቺ ሴትዮ! ነገ የሆዳን የአራስነት አርባ ቀን ይሞላል። አዬዮ ካልመጣች ከቤት አልወጣም ብላለች፤ ሕፃኑን አዬዮ ትመርቀው ብላለች።»

እኔ ልመርቅ! በየትኛው አፌ?

በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት ራሴን ሳታልል ቆይቻለሁ። «አራስ ናት፣ አሁን ነገር አይነገራትም፤ ትረፍ» ስል ነበር። ከዚያ በቃሉ ደነገጥኩ። አንድ ጊዜ ዓሣዋን ትረፍ ብዬ ስንት ነገር አበላሸሁ፤ አሁን ደግሞ በዚያው ቃል ልሸሸግ ነው? አይሆንም።

ሰላም ይህን ገና አታውቅም። ነገ ግን አብራኝ ትሄዳለች፤ ውሸቴን ሁለቱም ፊት ስለተናገርኩ እውነቱንም ሁለቱም ፊት እናገራለሁ። ከጫጩቶቹም የሆዳን ድርሻ እንዲወጣ እጠይቃለሁ፤ ሰላም እንቢ ካለች ሳጥኑን አስወጥቼ ቡፌዬን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። በደስታዋ ቀን፣ በሰው መሀል፣ ሕፃን ታቅፋ «ይቅር» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ይኖራታል? ያስገድዳታል፤ ልክ አይደለም። ቂሙን ትያዝ፣ ትተወው፣ የእሷ ነው።

«አዬዮ ትመስክር» ብላ ነበር። ነገ ሕፃኑን ከመመረቄ በፊት የምመሰክረው ይህን ነው፤ ሂናሽን አይቻለሁ፣ ጆግሽን አይቻለሁ፣ እጅሽ ውሃውን አልነካም።