ከተስፋው ቀጥሎ ማን አለ

በማንኩሳ አካባቢ አያ ገብረሰንበትን ሳያስጠሩ ማሳ የሚካፈሉ ሰዎች ካሉ፣ ወይ ዘመዳሞች አይደሉም ወይ ጠብ አምሯቸዋል። ሽማግሌው ትውልድ ቆጣሪ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በየትኛው ርስት ላይ ድርሻ እንዳለው፣ የትኛው ጎረምሳ ከየትኛዋ ልጃገረድ ጋር ሰባት ቤት እንደማይሞላ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። ሲቆጥሩ ዐይናቸውን ጨፍነው በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ፤ በአንድ ምት አንድ አባት። አንዲት ምት እንኳን ስተው አያውቁም ይባል ነበር። ሚስታቸው እህተ ማርያም ግን፣ «የሰው አያት አይጠፋቸው፤ ጋቢያቸውን የት እንዳኖሩ ግን ሠላሳ ዓመት የምነግራቸው እኔ ነኝ» እያለች ትስቅባቸዋለች።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ቆጠራው አብሯቸው እንዳይቀበር የጎረቤታቸውን የዘሩን ልጅ፣ ተስፋውን፣ ገና ድክ ድክ ሲል መርጠው አስተማሩት። ልጁ በጭንቅላቱ ፈጣን፣ በጠባዩ ተጫዋች ነበር። ዘንግ ስለሌለው ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ ይቆጥራል። አያ ገብረሰንበት ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ ያደርጋሉ፤ ሽማግሌ ሰው እንዲያ በፍቅር ሲፈታ መታየት የለበትም ብለው ነው።

ጣሊያን እንደገባ ተስፋው ጫካ ወጥቶ ጥቂት ወር ሲዋጋ ቆየና መግቢያ ቢያጣ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ንግሥቴን ይዞ ሽንዲን አልፎ ቆላ ለቆላ ሱዳን ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመተማ የተመለሰ ነጋዴ፣ ተስፋው ገዳሪፍ ላይ በንዳድ መሞቱን ተናገረ። ስለ ሚስቱ ግን የሰማው ነገር የለም። አርባው ወጥቶ እንዳለው የሚባለው የተስፋው ታናሽ ወንድም የሟቹን ድርሻ ሲጠይቅ፣ አያ ገብረሰንበት ከሐዘናቸው ገና አልወጡም ነበር። ማሳው ዳር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያያቸው ከላይ ጀምረው ቆጠሩና ተስፋው ላይ ሲደርሱ ዘንጋቸውን አጋደሙት።

«ዘር አልተወም። ሐረጉ እዚህ ላይ ተቆርጧል» ብለው በጊዮርጊስ ማሉ።

ሚስቱ ስትሄድ ነፍሰ ጡር እንደነበረች ያውቃሉ። ግን ተስፋው ያልተረፈበትን በረሃ እሷና ሕፃን ይተርፉታል ብለው አላሰቡም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መሐላው ጸና፤ ማሳው ለእንዳለው ሆነ።

ጣሊያን በገባ በአምስተኛው ዓመት የካቲት ላይ፣ ገና ቡሬ ምሽግ ውስጥ ሳለ፣ ንግሥቴ አራት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ልጅ አዝላ መጣች። ያረፈችው እናቷ ቤት ነው፤ የእናቷ ማሳ ደግሞ ለእናቷም አይበቃም። የተስፋው ድርሻ ለልጅቱ ካልተመለሰላት ለመጪው ክረምት የሚዘራላት መሬት አልነበረም።

አያ ገብረሰንበት እንኳን ደህና ገባሽ ሊሏት አልሄዱም። እህተ ማርያም ዳቦ ጋግራ ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች።

«ልጅቱ አስካለ ማርያም ትባላለች። ጆሮዋ ቁርጥ የተስፋው ነው» አለቻቸው።

«ጆሮ አይቆጠርም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«አይቆጠርም። አፍም አንዳንዴ ባይቆጠር ጥሩ ነበር» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። እንዳለው ክፉ ሰው አይደለም፤ አምስት ልጅ አለው፣ ማሳው ደግሞ ጠባብ ነው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ተነሥቶ ነጠላውን አደገደገና፣

«እኔ ወንድሜን አልካድሁም» አለ። «ግን ይች ልጅ በሰው አገር የተወለደች ናት። ማን አዋለዳት? ማን ክርስትና አነሣት? ያየ የለም። የኛ ልጅ ብትሆንስ፣ ውኃ ማዶ የተወለደ ሁሉ እየመጣ ድርሻ ቢል ለኛ ምን ይተርፈናል? አያ ገብረሰንበትም ሐረጉ ተቆርጧል ብለው ምለዋል። እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ልጅቱ የተስፋው ናት ካሉ መሐላቸው ፈረሰ፤ አንድ መሐላ ከፈረሰ ደግሞ አርባ ዓመት የቆጠሩት ማሳ ሁሉ ይጠየቃል። ከዚህ ስም ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

ንግሥቴ ልጅቱን ከጀርባዋ አውርዳ ፊታቸው አቆመቻት። «የኔ ምስክር እሷ ናት። አባቷ ታሞ ተኝቶ ትውልዱን እኔን አስጠናኝ፣ እኔ እሷን አስጠናኋት። ይጠይቋት፣ አባቴ።»

አያ ገብረሰንበት ጎንበስ አሉ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የተስፋው።» ትንሿ መዳፍ ጉልበቷን መታች።

ሽማግሌው ያን ምት አዩና ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «ተስፋው የማን?»

«የዘሩ።»

«ዘሩ የማን?»

«የክንዱ።»

«ክንዱስ?»

«የወልደ ዮሐንስ።»

«ወልደ ዮሐንስ የማን?»

«የአደይ» አለች ልጅቱ። «አደይ የክንፈሚካኤል። ክንፈሚካኤል የገብረ ሕይወት። ገብረ ሕይወት አገር አቀና።»

ሰዉ አጉረመረመ። ወልደ ዮሐንስ የክንፈሚካኤል ልጅ እንደሆነ እረኛ እንኳን ያውቃል። እንዳለው ሳቀ፤ «ይኸው! አደይ የምትባል አያት የለችንም። ያላዩትን አገር ሲቆጥሩ እንዲህ ነው» አለ። ሌሎችም ሳቁ። አስካለ ማርያም መዳፏን ከጉልበቷ ሳታነሣ ዐይኗ እንባ ሞላ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አደይን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ስሟን ከመምህራቸው ተቀብለው በሕይወታቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነግረዋል፤ ለተስፋው። አሁን ዝም ቢሉ ይበቃል። ዝምታቸው ብቻ ልጅቱን ውሸታም፣ እሳቸውን እውነተኛ አድርጎ ያስቀራቸዋል። የልጅቱን እንባ አዩና ተነሡ።

«አደይ አለች» አሉ። «ስቆጥር የምዘላት እኔ ነኝ። ክንፈሚካኤል ከአባይ ማዶ ወለጋ ነግዶ ሲኖር ወለዳት። እናቷ እዚያው ቀረች፤ እሷን በበቅሎ አምጥቶ እዚህ አሳደጋት። በሰው አገር ተወለደች፣ ድርሻ የላትም ብለው ልጇን እንዳይነቅሉት የጥንቶቹ ቆጣሪዎች ስሟን ደበቁት። ወልደ ዮሐንስ የአደይ ልጅ ነው። ከወልደ ዮሐንስ ያልወረደ እዚህ ማን ተቀምጧል? በሰው አገር መወለድ ሐረግ የሚቆርጥ ከሆነ፣ እንዳለው፣ አንተም ተቆርጠሃል። እኔም ተቆርጫለሁ።»

ከዚያ እጃቸውን ልጅቱ ራስ ላይ አኖሩ።

«ይችን ስም የነገርሁት ለተስፋው ብቻ ነው። ልጅቱ የሱ ናት። እኔ ደግሞ በሐሰት ምያለሁ፤ ንስሐውን ከነፍስ አባቴ ጋር እጨርሳለሁ። ከዛሬ ወዲያ ሌላ ቆጣሪ ፈልጉ» ብለው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አኖሩትና ሄደው ሾላው ግንድ ሥር ተቀመጡ።

እንዳለው ያደገደገውን ነጠላ ፈታ። «ማሳውን አንድ ጊዜ አርሼ ገምሼዋለሁ» አለ፣ ወደ ንግሥቴ ሳያይ። «ሁለተኛውንም እኔው አርስላታለሁ። የወንድሜ ልጅ በሬ ከየት ታመጣለች።» ንግሥቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አለቀሰች።

ሰዉ መበተን ጀመረ። ዘንጉን የሚያነሣ ግን አልተገኘም። አስካለ ማርያም ሄደች፤ በሁለት እጇ እየጎተተች አመጣችና አያ ገብረሰንበት ጉልበት ላይ ጣለችው።

ሽማግሌው ዘንጉን አነሡ። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው ከላይ ጀመሩ፤ ገብረ ሕይወት፣ ክንፈሚካኤል። «አደይ» ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከሄዱት አንዳንዶቹ ዞረው አዩ። ወልደ ዮሐንስ፣ ክንዱ፣ ዘሩ፣ ተስፋው። ያን ጊዜ ያቆሙት እዚህ ላይ ነበር። ዘንጉን አንድ ጊዜ ጨምረው መቱ።

«አስካለ ማርያም» አሉ።

«አቤት» አለች ልጅቱ።