መቋሚያዬን ለብቻው የቀዳሁበት ቀን

«የኔታ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው አለ እንዴ?»

ይህን የጠየቀኝ ጎረቤቴ ሰይድ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ባለችው ቤቴ የቀዳሁትን መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ። ሰይድ መንዙማውን እቤቱ ቀድቶ በኮምፒውተር ያቀናብራል፤ ሙያውንም እያስተማረኝ ይገኛል።

የሚያንኳኳው ግን እኔው ነበርሁ! በማሕሌት ያረጀ ሰው ወለሉን በመቋሚያ ሳይመታ እንዴት ይዘምራል?

ሰይድ መቋሚያዬን ተቀብሎ ውጭ አቆመው። ያለ እርሱ ስጀምር ዜማው ተንገዳገደብኝ።

አዘንሁ። የጉሮሮዬ ሕመም እየጠናብኝ ስለ ሄደ፣ ድምፄ ሳይጠፋ ራሴ የደረስሁትን ይህን መዝሙር ለልጆቼ ላኖርላቸው ተመኝቼ ነበር።

«አብሽሩ የኔታ!» አለና መቋሚያዬን መለሰልኝ፤ ከሥሩም አጎዛ አነጠፈልኝ። እየመታሁ ዘመርሁ፤ የተቀዳው ግን ድምፄ ብቻ ሆነ።

ቀጥለን አጎዛውን አነሣን። የራሴን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ የመቋሚያውን ምት ለብቻው ቀዳሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለራሴ አጃቢ ሆንሁ ማለት ነው!

ከዚያም ሁለቱን በኮምፒውተሩ ላይ አስማምቼ፣ ምቱን ከድምፄ በታች ዝቅ አደረግሁት። በገዛ እጄ! ስንሰማው ሰይድም ሳያውቀው ጉልበቱን በመዳፉ ይመታ ነበር።

ወዲያው ደሴ ላለችው ልጄ ላክሁላት።

«አባዬ፣ ጉሮሮዎ ዳነ እንዴ?» ብላ ደወለች።

«አልዳነም ልጄ፤ ድምፄ ግን ተቀምጦልሻል» አልኋት። እግዚአብሔር ይመስገን!

ወዳጆቼ፣ እናንተስ በቤታችሁ የማንን ድምፅ ቀድታችሁ አኖራችሁ? ስትቀዱስ ምን አስቸገራችሁ? ጻፉልኝ፤ ገና ተማሪ ነኝና።