የአባቴ ምርቃትና የሃሩን ላፕቶፕ

ጎረቤቴን ሃሩንን መካነ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሲሉት ሰው ነው፤ ችኮላው ግን ያናድደኛል። ቤቱ ውስጥ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ ሰርቨር ይለዋል። የግቢያችን ሰው ፎቶውንም ድምፁንም የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ፕሮግራሞቹ በየራሳቸው ኮንቴይነር ተለይተው ይቀመጣሉ። የአንዱ ወጥ ከሌላው እንዳይደባለቅ በየአገልግሉ እንደማስቀመጥ ነው አለኝ።

የኔም ሀብት እዚያ ነበር። አባቴ አሻግሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለልጄ ለትህትና ሠርግ እንደማይደርስ አውቆ ምርቃቱን በድምፅ ቀድቶላት ነበር። የተቀዳበት ስልክ ተሰርቋል። የቀረው ሃሩን ቤት ያለው ብቻ ነው።

ሙሽራው ከአቀስታ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ድምፁን ልስማ ብዬ በአዲሱ ስልኬ ከሃሩን ሰርቨር ብከፍት፣ እምቢ! ነጠላዬን እየጎተትኩ ሃሩን ቤት ገባሁ።

"አባቴን የት አደረስከው?" አልኩት።

ላፕቶፑን ነካካው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እኛ አገር መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። መልሶ ሳይሄድ ተብሎ ወፍጮ ቤት ግር ይባላል፣ ስልክ ሁሉ ይሰካል። ሃሩንም ላፕቶፑን ይህንኑ ጠባይ አስተምሮታል፤ መብራት እንደመጣ በየኮንቴይነሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ በራሱ ወደ አዲስ ስሪት እንዲያድስ። ያን ቀን መብራት መጣ፣ እድሳቱ ተጀመረ፣ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ድምፆቹ ያሉበት ማከማቻ ተበላሸ።

"ማን አባረረህ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ! አንተስ ምኑን ትለቅማለህ?" ጮህኩበት። እንባዬም መጣ። ልጄ ያለ አያቷ ምርቃት ልትዳር ነው።

"እትዬ የትምወርቅ፣ ይረጋጉ። አላህ ካለ ቅጂ አለኝ" አለ።

ለካ አርብ አርብ ጁምአ ከመሄዱ በፊት ሁሉንም በሌላ ዲስክ ይገለብጣል። ዲስኩን ሰካ፤ የተበላሸውን አንስቶ የድሮውን ፕሮግራም ከነማከማቻው መለሰ። ከዚያ የአባቴ ሳል ተሰማ። ሳሉ! ነፍሴ ተመለሰች። እዚያው ስልኬ ላይም አስጫንኩት። በማግስቱ ሠርጉ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ቆሞ የአባቴን ምርቃት አሚን፣ አሚን እያለ ተቀበለ።

ሃሩንም ከዚያ ወዲህ ልብ ገዛ፤ ባትሪም ገዛ። አሁን ላፕቶፑ ባትሪው ካልሞላ እድሳት አይጀምርም። መጀመሪያ ቅጂ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ አንዱን ፕሮግራም ብቻ ያድሳል። የታደሰው አልነሳም ካለ በራሱ ወደ ድሮው ይመልሰውና ለሃሩን ስልክ መልእክት ይልካል። ማከማቻውን ግን እንዳይነካ ከልክሎታል፤ እሱን ሃሩን ራሱ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድሰው። ሰሞኑን አንዱ ፕሮግራም አልነሳ ብሎ ነበር፤ ሃሩን ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ላፕቶፑ ራሱ መልሶታል።

"ተገላገልኩ እትዬ!" አለኝ። እኔም እፎይ አልኩ።

ትህትና አሁን ነፍሰ ጡር ናት። እኔም ደም ግፊቱ አለብኝ። ትናንት ሃሩን ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"ድምፄን ቅዳልኝ። ለሚወለደው ልጅ ሠርግ ነው፤ ብደርስም ባልደርስም።"

ስልኩን አቀረበልኝ።

"ልጄ፣ ስምህን እንኳ ገና አላወቅሁትም" ብዬ ጀመርኩ።