ክቡ ግድግዳ ላይ የቆመው መስታወት

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች መጥተው የመታጠቢያ ቤቴን ሻወር በመስታወት ከለሉልኝ፤ ከእጅ መታጠቢያው በላይም ግድግዳውን የሚሞላ መስታወት ገጠሙልኝ። ጨርሰው ሲወጡ ፊቱ ቆምኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ የመጣብኝ የድሮው ቅናት ሆነ። የእታገኝ መስታወት!

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ በላሊበላ ሰፈራችን ሹሩባ የሚሠራው እናቴ ደጃፍ ላይ ነበር። የነሐሴው የልጃገረዶች በዓል፣ አሸንድዬ፣ ሲቃረብ ሴት ልጆች ሁሉ ቅቤያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ደጃችን ቅቤና አሪቲ ይሸታል። እማዬ አንዷን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ስትጎነጉን ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። የደጃፉ እመቤት ደግሞ እኔ ነኝ! ማን ቀድማ እንደምትቀመጥ የምወስነው እኔ፣ መዳፍ የምታህለዋን የመስታወት ስባሪ የምይዘውም እኔ።

እታገኝ የጎረቤታችን የባለሱቁ የአያ ሞላ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። አያ ሞላ የጠየቀችውን አይነፍጓትም። አንድ ክረምት ትልቅ መስታወት ካልተገዛልኝ ብላ አለቀሰች፤ እሳቸውም ልኩን ሰጥተው ከወልዲያ አስቆርጠው፣ በጭድ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና አስመጡላት።

ቤታቸው ግን እንደ ብዙዎቻችን ቤት ክብ የድንጋይ ቤት ነው። አያ ሞላ ግድግዳውን የለኩት በገመድ ነበር፤ ገመድ ደግሞ ከክቡ ጋር ይዞራል። አብሮ የመጣው ባለሙያ መስታወቱን ቢያስጠጋው ጫፉ የበሩን መቃን አለፈ፤ መሐሉም ግድግዳውን ሳይነካ ክፍት ቀረ።

«አያ ሞላ፣ መስታወት እንደ ገመድ ይታጠፋል እንዴ?» አላቸው።

እሰይ! አልኩ በሆዴ። እንዳይሆንላት የተሳልኩት ስለት የሰመረ መሰለኝ። እታገኝ ስታለቅስ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

ሰውዬው ግን ምን ገዶት! መስታወቱን ሦስት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን በእንጨት ከበበና ክቡን አስከትሎ ጎን ለጎን አቆመው። ወይ ጉድ! መሐሉ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ግራና ቀኝ ያያል። የገዛ ሹሩባዋን ጎን ማን አይታ ታውቃለች? የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ስብሰባ ሲሄድ ጎራ እያለ ኮፍያውን ያቃና ጀመር።

በዚያ ዓመት አሸንድዬ ሲደርስ ደጃችን ጭር አለ። ልጆቹ በሙሉ እነ እታገኝ ቤት! በኋላ አያ ሞላ ራሳቸው መጡ።

«ዘውዴ እህቴ፣ ልጆቹ እኛ ጋ ተሰብስበው ቀሩ። እዚያው መጥተሽ ብትሠሪላቸው ምናለበት?»

እማዬም ሚዶዋን ይዛ ብድግ። እኔ አልሄድም ብዬ አኮረፍኩ። «ተነሽ፣ የሰው ነገር ሲያዩ መንጨርጨር ያከሳል» አለችኝና ጥላኝ ሄደች። ምን አስቻለኝ፣ ተከተልኳት። በሩ ላይ ቆሜ ሳይ እማዬ እታገኝን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ትጎነጉናታለች። በመስታወቶቹ ውስጥ ሦስት እናት ነበሩኝ፤ ሦስቱም የሷን ራስ ይዘዋል።

ትናንት እታገኝ አዲሱን መስታወቴን ልታይ መጣች። ሁለታችንም ሸብተናል፤ ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ ብዬ፣ «በዚያ መስታወትሽ ስቃጠል ነው ያደግኩት» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«መስታወቱን ለመስታወትነቱ የፈለግኩት ይመስልሻል? ደጃችሁ ተራ ስጠብቅ አንቺ ‹እማዬ፣ እማዬ› ስትይ እሰማለሁ። እትዬ ዘውዴ አንድ ቀን እንኳ እኛ ቤት መጥተው እንዲቀመጡልኝ ብዬ ነው።»

ዛሬ መስታወት የሌለበት ቤት የለም፤ ልጆቻችንም ፀጉራቸውን ስሟን በማያውቋት ሴት እጅ እየተሠሩ ይመለሳሉ። እማዬ ካረፈች ዓመታት አለፉ። እታገኝን እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁ ግን፣ ያን ቀን የእማዬ ጣቶች የነበሩት በሷ ራስ ላይ ነው፤ አሁንም እቀናለሁ።